በካልሲ አፍ

በአገራችን ቴሌቪዥን የአቅራቢን ንግግር አቋርጦ የማይወቀስ እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጨርቅ የተሰፋ ነው። ሌላው እንግዳ ማይክ ሲቀርብለት መጀመሪያ «ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል፤ ቀጥሎ ጣቢያውን ያመሰግናል፤ ከዚያ «እንግዲህ እንደሚታወቀው» ብሎ ማንም የማያውቀውን ነገር ማብራራት ይጀምራል። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ፕሮግራም ላይ ከአቅራቢዋ ጎን ብቅ የምትለው የጨርቅ ጦጣ ግን ምስጋና የላት፣ እንደሚታወቀው የላት። አቅራቢዋ «ልጆችዬ፣ ዛሬ ስለ ጥርስ ንጽሕና...» ከማለቷ ጦጣዋ «ዶሮ ጥርስ የላትም፤ ታዲያ በምን ትስቃለች?» ትላለች። አቅራቢዋ አትቆጣም። እንዲያውም አሰብ አድርጋ ትመልሳለች። ተጠይቆ፣ አስቦ፣ የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ማየት ያማረው ቅዳሜን መጠበቅ አለበት።

እኔ ይህን ፕሮግራም የምከታተለው እህቴ ቤት፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። የሚከፈተው ለልጁ ነው ይባላል። ልጁ ግን ምንጣፉ ላይ ነው፤ ሶፋውን የያዝነው ጢም ያወጣን ሰዎች ነን። የእህቴ ባል «ኧረ ድምፁን ቀንሱልኝ» ይላል፤ ሲቀነስለት ደግሞ ጆሮውን ይቀስራል። ዋና ሥራው የአንቀሳቃሹን እጅጌ ማደን ነው። «ያው! ታየ! ሰማያዊ ሹራብ ነው የለበሰው!» ብሎ ሲጮህ ቤቱ ይደነግጣል። እማማ፣ የባልየው እናት፣ አቅራቢዋ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። ጦጣዋን ግን ሰላም ብለዋት አያውቁም። «አሳዳጊ የበደላት» ነው የሚሏት።

እህቴ በበኩሏ ከኩሽና ሳትወጣ ጦጣዋን እንደ ደንብ አስከባሪ ታሰማራታለች።

«ይኸው ጦጣዋ ቁርሷን ጨርሳ በላች! አንተስ?»

«እማዬ፣ ጦጣዋ እኮ ሆድ የላትም። ከአንገቷ በታች የሰው እጅ ነው» አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

እጅ መሆኑን ማወቁ ከጦጣዋ ጋር ያላቸውን ወዳጅነት ቅንጣት አላሻከረውም። የማን እጅ እንደሆነ የሚያንገበግበን እኛን ነው። (አዋቂ ሰው አንድ ወሬ ሲሰማ «ምን ተባለ?» ሳይል «ከኋላው ማን አለ?» የሚለው መቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።)

ባልየው ማስታወቂያ በገባ ቁጥር «የልጆች ፕሮግራምስ በአባባ ተስፋዬ ጊዜ ቀረ!» ይላል። እውነት አለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተስፋዬ ሳህሉ ለ42 ዓመታት ያህል «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ወላጅንም ልጅንም በተራ በተራ አሳድገዋል። ግን ባልየው የሚናፍቀው ተረቱን ብቻ አይመስለኝም፤ አቀማመጡን ጭምር ነው። ያኔ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ሊያይ የሄደ ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ፣ «ጠጋ በል» እስኪባል ደፍ ሥር ይቀመጣል። ቢያስነጥሰው እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል ባለቤቷን ያያል። ጥያቄ ካለው ቤቱ ሄዶ ይረሳዋል። አባባ ራሳቸው ግን ይህን ያህል ጭምት አልነበሩም። ሴት መድረክ በማትወጣበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው የተወኑ ሰው ናቸው፤ በሌላ አፍ መናገር ምን እንደሚያስችል ከማናችንም የተሻለ ያውቁ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ደግሞ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» መጣች። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ከባለቤቷ ከሼን ጋር ሆና ሳሎኗን ስቱዲዮ፣ ካልሲን ተዋናይ አደረገች። ጸሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ሥራዋ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በሚካሄደው የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር ተሸለመች። በእኛ ቤት ካልሲ ከጥንዱ ጋር ከመታጠቢያ ሳፋ መውጣት አቅቶት ሳለ የእነሱ ቶኪዮ ደረሰ።

የእህቴ ልጅ የጸሐይን የቆዩ ክፍሎች በእናቱ ስልክ ሲያይ ከረመና አንድ ማታ የአባቱን ግራጫ ካልሲ ከገመድ ላይ አወረደ። በእስክሪብቶ ሁለት ዓይን ሣለለት፤ አንዱ ዓይን ተለቅ ብሎ ትንሽ ተንሻፏል። ተረከዙ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ጆሮ ናት አለ። እራት ላይ እጁን አጥልቆት ቀረበ። ልጁ ራሱ ያንኑ ጥያቄ ከዚያ በፊት ጠይቆ የተሰጠው መልስ «ዝም ብለህ ብላ» ነበር። ካልሲው ግን ሥርዓት ያውቃል፤ አንቱ ብሎ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ማታ ማታ የት ነው የሚያመሹት?»

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። ከወንበሩ ትንሽ ቀና አለ። «እንግዲህ እንደሚታወቀው» አለ፣ «ሰሞኑን ሥራ በዝቷል። ትራንስፖርቱም...»

«ሥራ ቦታ ክትፎ አለ እንዴ? ሸሚዝዎ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ።»

«እ... ስብሰባ ነበር። ምሳው ተርፎ...»

እህቴ ማማሰያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ባሏ ለእሷ እንኳ ይህን ያህል ማብራሪያ ሰጥቶ አያውቅም። ካልሲው «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎ ጎንበስ አለና ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ልጁን የተቆጣው የለም። ምን ብሎ ይቆጣዋል? እሱ ምን አለ?

ይሄ የልጅ ፈጠራ አይደለም፤ የአገር ወግ ነው። እኛ ከጥንትም የከበደንን ነገር በራሳችን አፍ አንናገርም። ልጅቷን የሚፈልገው ወጣት አፉን ዘግቶ ሽማግሌ ይልካል። ጎረቤቷን ማማት የፈለገች «እኔ ሳልሆን ሰው ነው የሚለው» ትላለች፤ ያ ሰው የሚባል ሰው እስከ ዛሬ ተይዞ አያውቅም። አዝማሪ ቤት የገባችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ አለቃውን «ደህና አደሩ» ከማለት ሌላ ቃል ያልተነፈሰ ሰው፣ ሁለተኛው ብርሌ ሲያልቅ «ተቀበል!» ይልና ስለ አለቃው ቦርጭና ስለ እጁ መጥበቅ ስንኝ ያቀብላል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበለዋል፤ አዳምቆ ይደግመዋል። አለቃ ይስቃል፤ ተነስቶም ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ማን ሰደበው? አዝማሪው። አዝማሪው ምን አጠፋ? የሰጡትን ነው የተቀበለው። ሰጪውስ? ሰጪውማ ግጥም ነው የሰጠው። ነገሥታቱም «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የሚያስጠይቁት ሌላ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ሹማምንቱ በገዛ አፋቸው ስለሚናገሩ የሚነግሯቸው ነገር ስላልነበረ ነው።

ታዲያ ጥበቡ ካለን ለምን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይሆናል? ወረዳ ስንሄድ አንድ እግር ካልሲ ኪሳችን ብንይዝስ? በመስኮቱ ቀዳዳ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ስትል ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፤ «እሺ የኔ እመቤት፣ ነገ ልምጣ?» ብሎ ወደ ኋላ እየሄደ ይወጣል። ካልሲው ግን ብቅ ብሎ «የት ሄደ? ለማን ነግሮ ሄደ? ሲስተም ሳይመጣ በፊት በምን ትሠሩ ነበር?» ይላል። እድር ላይም እንዲሁ። ገንዘብ ያዡ ሪፖርቱን በፍጥነት አንብቦ «ጥያቄ ከሌለ ወደሚቀጥለው አጀንዳ» ሲል ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ካልሲው እጁን ሳያወጣ፣ ያው ራሱ እጅ ነውና፣ «ይሄ ድንኳን ስንት ጊዜ ነው የሚጠገነው?» ቢል ሊቀ መንበሩ ማንን ያስወጣል? ታክሲ ውስጥ «ወንድም፣ መልስ ረሳህ» ማለት ለሚያፍሩ ደግሞ ትንሽዬ፣ የሕፃን ካልሲ ትበቃለች።

ብቻ እኔ ይህን ሳስብ ነገሩ ቀድሞ ከልጁ እጅ ወጥቷል።

ባለፈው ቅዳሜ ጦጣዋ «ፀሐይ ማታ የት ትተኛለች?» ብላ ጠይቃ መልሱን ሳንሰማ መብራት ጠፋ። ልጁ ጎረቤት ሮጠ፤ ባልየው ቆጣሪ ሊያይ ወረደ። እህቴ ረከቦቱን አቅርባ ቡና ቀዳች። እማማ ምራታቸውን በክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም፤ «ብወልዳት እንዲህ አትሆንልኝም» ነው የሚሉት፣ ጎረቤት ፊትም በሌለችበትም። አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ሲኒውን አስቀመጡ። ከዚያ ሶፋው ጥግ የተጣለውን ግራጫ ካልሲ አነሱና ቀስ ብለው እጃቸውን አጠለቁበት። የካልሲው ዓይን እኔን እያየ፣ አፉ ወደ እህቴ ዞረ።

«ቡናው ቀጥኗል» አለ ካልሲው፣ በቀጭን ድምፅ።

እህቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች።

«እኔ አይደለሁም ልጄ፤ እሱ ነው» አሉ እማማ በራሳቸው ድምፅ፣ በጣም አዝነው። ካልሲው ግን ገና አልጨረሰም።

«የረቡዕ ሽሮም ጨው በዝቶት ነበር።»

እህቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች፤ ተነሳች፤ የልብሱን መሳቢያ እስከ ታች ከፈተችው።

«የዚህ ካልሲ ሌላኛው እግሩ የታለ?» አለች።