«አብሽር፣ ሲስተሙ ነው የሞላው»

ዛሬም ከዚያው ከዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻ ቢሮ መመለሴ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ያቀረብኩት ሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2017 መሆኑን ማንም ተማሪ ስምንት ደምሮ ይደርስበታል። ጥናቶች በኢንተርኔት በሚነበቡበት በዲጂታል ማከማቻው ላይ ግን የኅትመት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ተብሎ ተቀምጧል። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላርም የተሰጠውን እንዳለ ስለሚያነብ፣ በአውሮፓውያኑ 2015 የወጡ ጽሑፎችን ከመታተማቸው ስድስት ዓመት ቀድሜ የጠቀስኩ ነቢይ ሆኛለሁ።

ባለሙያውን «ዘመኑ የእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ይስተካከልልኝ» ስለው፣ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሽፋኑ ላይ 2009 ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?» አለኝ።

«ነኝ፤ ዓ.ም. የሚልም አለበት።»

«ሲስተሙ ዓ.ም. አያውቅም።»

«ጃንዋሪ 1ስ ከየት መጣ?»

«እሱንማ ሲስተሙ ነው የሞላው። አብሽር፣ ዋናው ጽሑፉ መኖሩ ነው።»

ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች ሳቁ፤ አንዷማ «ጋሼ፣ ቀደም ብለው ተመረቁ ማለት አይደል? ምን ከፋዎት?» አለችኝ።

ሲስተሙ አልሞላውም! ማከማቻው የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ዲስፔስ፣ በራሱ የሚመዘግበው ፋይሉ የገባበትንና ለአንባቢ የተከፈተበትን ቀን ነው፤ የኅትመት ቀኑን የሚያስገባው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሲሆን፣ ወሩና ቀኑ ካልታወቀም ዓመቱን ብቻ ጽፎ ማለፍ ይችላል። ጃንዋሪ 1ን ማን ጠየቀው? ከአሮጌ ሲዲ እየገለበጡ የጫኗቸው ጥናቶች ደግሞ የተጫኑበት ዓመት እንደ ኅትመት ዓመት ስለተሰጣቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህራን ሥራ ዘንድሮ የተጠና መስሎ ከላይ ተደርድሯል። ከ2015 ወዲህ ያለውን ብቻ አጣርቶ ለሚፈልግ አንባቢ እነርሱ አሉ፣ እኔ የለሁም።

ይህን ለማስረዳት ነው እንግዲህ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት የምወጣው። አንድ ቀን ደሴ ስደርስ መብራት የለም፤ ሌላ ቀን ኔትወርክ የለም፤ ሁለቱም ሲኖሩ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። አራት አሃዝ ለማረም ስብሰባ እስኪያልቅ ፒያሳ ሻይ እየጠጡ መዋል የተለመደ ሥራዬ ሆኗል፤ የታክሲውንና የሻዩን ሒሳብ ማንም አይጠይቀኝም።

በመጨረሻ «በማመልከቻ ጠይቅ» ተባልኩ፤ ጻፍኩ። መዝገብ ቤት ያሉት እናት ተቀብለው ቁጥር ሰጡት፤ ቀኑን፣ ወሩንና ዓ.ም.ን ሳያጓድሉ ጽፈው ማኅተም መቱበት። ይኼው ወረቀት አሁን ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለሙያው ግን ሥልጠና ሄዷል።