ብትነግረኝ ኖሮ

ትናንት ማታ አንድ ወዳጄ አዲሱን ቤት ሊያይ መጣ፣ አንድ ኪሎ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ። በሩ ላይ ቆሞ «ቤት ለእምቦሳ!» አለ፣ እኔም ደስ ብሎኝ «እምቦሳ እሰሩ!» አልኩ። ገባ፣ ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ሽንት ቤቱን ከፍቶ አየ፣ ከዛ ገና ሳይቀመጥ «ስንት ነው የተከራየኸው?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ሆነ። «ውይይይ… ምነው ብትነግረኝ ኖሮ! እኛ ብሎክ ላይ እኮ ከዚህ የሚሰፋ ቤት በዚሁ ዋጋ ሁለት ወር ሙሉ ባዶውን ተቀምጦ ነበር!»

ሁለት ወር። እኔ ቤት ስፈልግ የከረምኩት ስንት ጊዜ ይመስላችኋል? ደሞ ነግሬዋለሁ! «ቤት እየፈለግኩ ነው፣ ከሰማህ ጠቁመኝ» ብዬ ቴሌግራም ላይ የጻፍኩለት እስካሁን አለ፣ ከስሩም እሱ የመለሰልኝ አውራ ጣት አለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው። ይቺን ተረት በጣም እወዳታለሁ፣ ውሻው ግን ያሳዝነኛል። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት አንድ ውሻ ነበር፣ ጅብ ሲመጣ አልጋ ስር ገብቶ ትንፋሹን ያጠፋል፣ ሊነጋ ሲል ወጥቶ ሰፈሩን ይቀውጠዋል፣ ከዛ ቁርሱን ይጠብቃል። ፈሪ ነበር፣ አልዋሽም። ግን አንድም ቀን አያቴን «ምነው ብትነግሪኝ ኖሮ» ብሏት አያውቅም።

እምቦሳ ካልን አይቀር፣ እምቦሳ ማለት ጥጃ ነው አይደል? አዲሱ ቤት ከብት የሚታሰርበት፣ የሞላ የተረፈው ይሁን ማለት ነው፣ ምርቃቱ እንዴት ያምራል። አከራያችን ግን ድመት እንኳን እንዳናስገባ ውሉ ላይ አስፈርመውናል። ቢፈቀድልኝስ የት ነው የማስረው? ውሃው በፈረቃ ስለሆነ በረንዳው በጀሪካን ተሞልቷል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስስ ማን ያወጣዋል? ጥጃው ይቅርና ሶፋው እንኳን ስንት ጉድ አሳየን፣ እመጣበታለሁ።

የዘንድሮውን ቤት ለውጥ እኮ ተዘጋጅቼበት ነበር። ያለፈው ጊዜ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆኖብን በርበሬው ብርድ ልብስ ላይ ተደፍቶ አንድ ወር ሙሉ ስናስነጥስ ነው ያደርነው። አሁን ግን ደብተር ገዛሁ፣ ካርቶን ከየሱቁ ለመንኩ፣ ፕላስተር፣ ማርከር ምናምን። የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች ላይ «ኩሽና፣ ብርጭቆ፣ ቀስ በሉ» ብዬ በሚያምር ጽሑፍ ጻፍኩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ግን እጄም ጭንቅላቴም ደከመ መሰለኝ ከ23ቱ ካርቶን 14ቱ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል ነው ያለው። ጀበናችን ከ14ቱ ልዩ ልዩ ባንዱ ውስጥ ናት፣ እስካሁን አልተገኘችም።

አዋጅም አንብቤያለሁ እኮ! የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። ደላላው «የስድስት ወር ቅድሚያ» ሲለኝ ስልኬን አውጥቼ አስነበብኩት። እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ስልኬን በትህትና መለሰልኝና «ወንድሜ፣ እንግዲያው አዋጁ ውስጥ ግባና ኑርበታ» አለኝ። ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ሳቄን ሳልጨርስ አስር ፐርሰንቱን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ።

መሸኛ ላወጣ ደግሞ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ሦስቱንም ቀን «ሲስተም የለም»። አራተኛው ቀን ሲስተሙ መጣ፣ ማህተም የምትይዘው ልጅ ስልጠና ሄደች። ሁሉም ካለቀ በኋላ መስሪያ ቤት ስናወራ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ «ምነው ብትነግረኝ ኖሮ፣ እዛ የማውቃት ልጅ አለች» አለኝ። ማናት ብለው? ማህተም የምትይዘዋ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን እድሬ ነው፣ እዚህ ላይ እንኳን ቀልዱን ልተወው። 11 ዓመት ከፍያለሁ። አንዴ ቀብር ቀርቼ ተቀጥቻለሁ፣ ቅጣቱንም ከፍያለሁ። ዛሬ ብሞት ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይመጣል፣ ጎረምሳው ሁሉ ትከሻውን ይሰጣል። ቡፌዬን የሚይዝልኝ ሰው ግን ከድሮ ሰፈሬ ከሳሪስ ጠፋ! እኔ ከነሳጥኔ ከቡፌው እቀላለሁ፣ እሱ እውነት ነው፣ ቢሆንም። የእድሩ ዳኛ አይሱዙው ተጭኖ ሊያልቅ ሲል ማዶ ቆመው «በርቱ! ምነው ብትነግሩን ኖሮ ልጆቹን እንልክ ነበር» አሉኝ። ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናግሬያለሁ እኮ! ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል፣ ያነበቡትም እርስዎ ነዎት! ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት፣ በአፌ «ኧረ ችግር የለም» ነው ያልኩት። መዋጮውን አሁንም ከሰሚት እየሄድኩ እከፍላለሁ፣ የት አባቴ እሄዳለሁ፣ መሞት አይቀር።

ሰሚት ስንደርስ መኪናው ሳይቆም ስድስት ልጆች ከኋላ ተንጠለጠሉ። «ራሳችን እናወርዳለን» ስል አንደኛው «ፋዘር፣ ጨጓራህን አታቃጥል፣ 8 ሺህ» አለ። 5 ሺህ 500 ላይ ተስማማን፣ ተስማማን ከተባለ። ሶፋው ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። በሩን ለክቻለሁ፣ ሳሎኑን ለክቻለሁ፣ የደረጃ መታጠፊያ ማን ይለካል? ከላይ ሦስት ከታች ሦስት ሆነው «ወደ አንተ!» «ወደ እኔ አይደለም ወደ አንተ!» ሲባባሉ ከገበያ የመጡ አንዲት እናት ማለፊያ አጥተው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ትንሽ ጠበቁ፣ ከዛ ዘንቢላቸውን ጠጋ አድርገው ጎመናቸውን መቀንጠስ ጀመሩ። አንዱን እስር ጨርሰው ሁለተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ቀና ብለው «ልጄ፣ እዚህ ብሎክ ሶፋ በደረጃ ገብቶ አያውቅም፣ በበረንዳ በገመድ ነው የሚወጣው። ምነው ብትጠይቀኝ ኖሮ» አሉኝ።

ሶፋው በገመድ ወጣ። ለገመዱ ሌላ አንድ ሺህ። ሴትየዋ ግን ማታ ቡናቸውን ከነጀበናው ልከውልናል፣ ስለዚህ እሳቸውን ከዚህ ክስ አስወጥቻቸዋለሁ።

የባለቤቴን ወንድም ግን አላስወጣውም። ተኝቶ የመጣውን ፍሪጅ አቁሜ ስሰካ እጁን አጣጥፎ እያየኝ ነበር፣ ሰክቼ ከጨረስኩ በኋላ «ሰካኸው እንዴ? ጥቂት ሰዓት ቆሞ ማረፍ ነበረበት እኮ!»

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ወዳጄ። ትናንት እስከ ሦስት ሰዓት አመሸ፣ በዚህ ብር ላገኛቸው እችል የነበሩትን ቤቶች በሙሉ፣ ከነሰርቪሳቸው ከነፓርኪንጋቸው፣ አንድ ባንድ ቆጠረልኝ። ሲወጣ ባለቤቴ ይሉኝታ ይዟት «ይቅርታ ቡና እንኳን ሳናፈላልህ፣ ጀበናችን እኮ ካርቶን ውስጥ ጠፍታ ነው፣ የጎረቤትን ደግሞ መልሰናል» አለችው። በሩን እንደያዘ ቆመ።

«ምነው ብትነግሩኝ ኖሮ፣ ቤት ሁለት ጀበና አለኝ፣ ይዤ እመጣ ነበር።»

ሙዙ ግን ጥሩ ነበር።