ከክፍያ ጣቢያው ወዲያ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች በልባችን የያዝነው የኢትዮጵያ ካርታ አጭር ነው። በአንድ በኩል መገናኛ፣ በሌላ በኩል ቃሊቲ ያዋስኑታል፤ በመጨረሻው ጫፍ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የክፍያ ጣቢያ ቆሟል፤ ከክፍያ ጣቢያው ወዲያ ያለው ሁሉ «ክፍለ ሀገር» ነው። ክፍለ ሀገር የሚባለው አከላለል ከቀረ ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል። በምትኩ ክልል መጥቷል፤ አንዱ ክልል ራሱ ተከፋፍሎ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ የሚባሉ ክልሎች ወጥተውታል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ይህን ሁሉ ለዜና አንባቢዎች ትቶ ደሴንም ጋምቤላንም ጎባንም እዚያው አንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ እንዳስቀመጣቸው አሉ።

ትዝብት ላይ የሚጥለን እኛ ራሳችን ለመሀል ከተማው ሰው ክፍለ ሀገር መሆናችን ነው። ከካዛንቺስ ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶቻችን የሚጠጣ ውሃ ይዘው፣ ሹራብ ደርበው፣ «ሳይመሽ እንመለስ» እየተባባሉ ነው የሚደርሱት። ሽንኩርት ረከሰ በተባለ ቁጥር ደግሞ ወደ ገላን በኩል ብቅ ስለምንል፣ ኦሮሚያ ክልል ገብተን፣ በዋጋ ተከራክረን፣ ፌስታላችንን አንጠልጥለን እንመለሳለን። ለዚህ ክልል አቋራጭ ጉዞ ማንም ስንቅ ቋጥሮልን፣ ማንም አልቅሶ ሸኝቶን አያውቅም። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ማለፏ በተሰማ ዕለት የሕንፃችን ደረጃ በእልልታ ተናጋ። ቢናጋም አይፈረድበትም፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ያለፈ ልጅ በየሰፈሩ በጣት የሚጠቆም ታዋቂ ሰው ሆኗል። እልልታው የቆየው ግን ምደባው እስኪወጣ ድረስ ነበር። ያኔ በምርጫ ቅጹ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ አድርጎ ያልሞላ የአዲስ አበባ ልጅ አላጋጠመኝም ነበር፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ይህን ሁሉ ልጅ ስድስት ኪሎ ላይ ሊደራርበው ስለማይችል የእኛዋን አርባ ምንጭ መደባት። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው የሄዱት ጎረቤቶች በነጋታው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለመምጣት ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ቡና ተፈላ። «ወባ አለ አሉ እኮ» አለች አንደኛዋ፣ ስኒዋን እንኳ ሳታነሳ። ሁለተኛዋ አዞ ጨመረችበት። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ «አዞው እኮ ያለው ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ዶርም ድረስ አይመጣም» ቢሉ ወላድ የማይገባቸው ሰው ተደርገው ታዩ፤ ሁለተኛው የቡና ዙርም ሳይደርሳቸው ቀረ። እህቴ በዚህ መሀል እንባዋን በነጠላዋ ጥለት ትጠርጋለች። ነጠላው ሽሮ ሜዳ የተገዛ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አብዛኞቹ፣ ወይም አባቶቻቸው፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ካሉት ተራሮች፣ ከዶርዜና ከተቀረው የጋሞ አገር ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡ ናቸው። እነሱም በጊዜያቸው ወደማያውቁት ክልል ተጉዘዋል፤ የብርዱንም የሰዉንም ጠባይ ተላምደዋል፤ አዲስ አበባንም እስከ ዛሬ ድረስ ያለብሷታል። እንባው የሚጠረገው በእነሱ ሥራ መሆኑን ለማስታወስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሊቀ መንበሩን ባዶ ስኒ ሳይ ዘጋሁት።

ከለቅሶው በኋላ የመጣው ምደባ የማስቀየር ዘመቻ ነው። ከባድ የጤና ችግር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ እንዲሁም መንትዮች በልዩ ሁኔታ እንደሚታዩ ሲሰማ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወጣ የነበረችው ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስም፣ ሳይነስና ጨጓራ ተገኘባት። ሐኪሙ ግን አንዱንም አላገኘም። እህቴ ተስፋ ቆርጣ «ምነው መንታ በወለድኩ!» ስትል ሰማኋት፤ መንታ ብትወልድ የሚሆነው ሁለቱን አንድ ላይ አርባ ምንጭ መላክ እንደሆነ የነገራት የለም።

ስንቁን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ሽሮውና በርበሬው የታወቀ ነው፤ እነሱን አልቆጥርም። ከሻንጣው እኩሌታውን የያዘው ግን ሁለት ሰው የሚያለብስ፣ ባለ ነብር ሥዕል ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልጅቷ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ልትወርድ ነብሩን ተሸክማ ሄደች። በላዩ ላይ እናቷ ለመንገድ እንዲሆናት ከበራችን ሱቅ አንድ እጅ ሙዝ ገዝታ በፌስታል ቋጠረችላት። ባለ ሱቁ ሙዙን ሲሸጥ እንደ ልማዱ «የአርባ ምንጭ ነው፣ ቅመሽው» ብሎ ማሏል። ሙዙ ከመጣበት መንገድ ተመልሶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረሰ፤ ሸኚዎቹም መኪናው በቡታጅራ ይሂድ ወይስ በሻሸመኔ በሚለው ላይ ስንሟገት ሾፌሩ ማንንም ሳያማክር ወጣ።

እንግዲህ መላመድ የሚባለው ከዚህ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ጠዋትና ማታ እየደወለች አለቀሰች። በሁለተኛው ሳምንት የምትደውለው እናቷ ሆነች። በሦስተኛው «ክላስ ነኝ» ማለት ተጀመረ፤ ማታ በሦስት ሰዓትም ክላስ፣ እሑድም ክላስ። ኢሞ ላይ ፊቷ ለአንድ አፍታ ብቅ ሲል ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል፤ የዶርሟ ልጆች ናቸው፤ አንዷ ከነቀምቴ፣ አንዷ ከደብረ ታቦር፣ አንዷ ከሆሳዕና፣ አንዷ ከሐረር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ትምህርቶች አንዱ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ነው። የደጋና የቆላን ጉዳይ እነሱ ሞጁሉ ሳይታደል በፊት በመስኮቱ ጠብ አጠናቀውታል፤ የደብረ ታቦሯ ሌሊት ሌሊት መስኮት ካልተከፈተ እሞታለሁ ትላለች፣ የሐረሯ ደግሞ የወባ ትንኝ ይገባል ብላ ትዘጋለች፤ በመጨረሻ መስኮቱ እስከ አራት ሰዓት ክፍት፣ ከዚያ በኋላ ዝግ እንዲሆን በወረቀት ተፈራርመው በር ላይ ለጥፈዋል። ብርድ ልብሱ ወለል ላይ ተነጥፎ የቡና ምንጣፍ ሆኗል። እናቷ ይህን አታውቅም፤ «ብርድ ልብሱ ይሞቅሻል?» ስትላት «በጣም» ትላታለች፤ እውነቷን ነው።

አንድ ቀን ጦጣ በመስኮት ገብታ የቀረውን ዳቦ ቆሎ ከነላስቲኩ ይዛ ወጣች። እህቴ ወሬውን ስትሰማ ተነሥታ ቆመች። «ለፕሮክተሩ አመለከትሽ?»

ልጅቷ እንዲህ በቶሎ መልመዷ ሰፈሩን ሁሉ አስደንቆት ነበር። እኔን አልደነቀኝም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ በግማሽ ጆግ ውሃ ፊቱን፣ እግሩንና ካልሲውን በቅደም ተከተል ማጠብ ያውቃል። ጠዋት በታክሲ ሰልፍ የተፈተነ ልጅ የካፌ ሰልፍ አያስደነግጠውም። በአንድ ደረጃ ላይ የጉራጌ፣ የትግራይ፣ የወላይታ፣ የወሎና የሸዋ ጎረቤት ያለው፣ ከአንዱ ቤት ቆጮ ከሌላው ቤት ጥሕሎ እየቀመሰ ያደገ ልጅም አምስት ሴቶች ያሉበት ዶርም አይከብደውም። የሽሮውን ነገር እንተወው፤ የካፌ ሽሮን ሳይሰድብ የተመረቀ ተማሪ በኢትዮጵያ ምድር አልታየም።

በነገራችን ላይ ይህ ድንጋጤ በእኛ በኩል ብቻ ያለ አይደለም። ከሰፈራችን አጠገብ ቂሊንጦ ላይ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ከየክልሉ ተማሪ ይጎርፍበታል። እነዚያን ልጆች የሚሸኙ እናቶችም በየአገራቸው ያለቅሳሉ፤ «አዲስ አበባ ሌባ አለ፤ ቦርሳህን በፊት በኩል አድርገው፤ ሰው እህል ቢሰጥህ እንዳትቀምስ» ብለው ይመክራሉ። ከሞጣ የመጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ቦርሳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣብቆ ይዞ፣ በመስኮት የጤፍ ማሳ፣ የሲሚንቶ መጋዘንና መንገድ የሚያቋርጡ በሬዎች ሲያይ ቆየና፣ በታላቅ ትሕትና «ይቅርታ ጋሼ፣ አዲስ አበባ የሚጀምረው የት ጋ ነው?» አለኝ። መልስ ስላልነበረኝ ቤት ወሰድኩት።

እህቴ አገሩን ጠየቀችው። ሞጣ ሲላት እጇን አፏ ላይ ጭና «ውይ! እናትህ እንዴት አስቻላት?» አለች፤ ከዚያም ለአራት ሰው የሚበቃ እንጀራ አቀረበችለት። ልጁ እናቱ ስለ አዲስ አበባ እህል የሰጠችውን ምክር በሦስት ጉርሻ ውስጥ ረሳው።

የእህቴ ልጅ ለሴሚስተር ዕረፍት ስትመጣ ያላመጣችው ጉድ የለም። ወጡ አያቃጥልም ብላ ከሻንጣዋ በጠርሙስ የታሸገ ዳታ የሚሉትን የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ አውጥታ ጨመረችበት። የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ እንደሚበላ ለቡና ጎረቤቶች አስረዳች። ሲቀላ፣ ሴቻ እያለች የአርባ ምንጭን ሰፈሮች ስትጠራ እኛ ጀሞና ሳሪስ የምንለውን ያህል ቀሏት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ሰፈሩን ያስቀየመው ቱሉ ዲምቱ ትበርዳለች ማለቷ ነው፤ «ተለወጠች» ተባለ። እናቷ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ልታሲዝላት ብትሞክር ልጅቷ «የመጀመሪያው ገና አላለቀም» ብላ ተሳለመቻት።

የዘንድሮው ምደባ ደግሞ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችንን ልጅ ጅግጅጋ ጣላት። ከደብረ ዘይት አልፋ የማታውቀው እህቴ በዚህ ጊዜ በቡናው ላይ የተቀመጠችው አማካሪ ሆና ነው። ስለ ዶርም፣ ስለ ፕሮክተር፣ ስለ ነን ካፌ፣ ስለ ሚል ካርድ የማታብራራው አልነበረም። «ጅግጅጋ? እሱማ ምን አለው! ሩቅ የሚባለው አርባ ምንጭ ነው» አለች፤ ጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ብርድ ልብስማ እንዳታሸክሚያት፤ ክፍለ ሀገር ሙቀት ነው፤ እኔ በልጄ አይቼዋለሁ» ስትል ደግሞ ጎረቤቷ አመስግና ሄዳ የታሸገውን ብርድ ልብስ ከሻንጣው አወጣች። ሊቀ መንበሩ ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ በበጋ ሌሊቷም እንደሚቀዘቅዝ ሊናገሩ ጀምረው ስኒያቸውን አዩና ዝም አሉ።

ልጅቷ ጅግጅጋ የገባችው ታኅሣሥ ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደውላ የጠየቀችው ብርድ ልብስ ነበር። ጎረቤቷ ስልኩን እንደያዘች እኛ ቤት ወጥታ «ምነው እትዬ?» ብትላት፣ እህቴ ምንም ሳትደነግጥ «እኔ የነገርኩሽ ስለ ክፍለ ሀገር ነው፤ ጅግጅጋ ሌላ ነው» አለቻት፤ ወዲያውም ለአርባ ምንጭ ያዘጋጀችውን ሁለተኛውን ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥን አውርዳ፣ ማድረሻውን መኪና ታፈላልግ ጀመር።