ይቺን ብር

ሐሙስ ዕለት ነው። ምሳ በልተን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ካፌ በር ላይ ቆመን ማኪያቶ እንጠጣለን። አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ በክርኑ ጎኔን ነካ አደረገኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ይቺን 1,500 ብር እስከ ደሞዝ ሙላልኝ እስቲ" አለኝ።

ያናደደኝ ብር መጠየቁ አይደለም። "ይቺን" ማለቱ ነው።

1,500 ብር ከመቼ ወዲህ ነው "ይቺ" የሆነው? ልብ ብላችሁ ስሙ። በእኛ ከተማ ብር ሲጠየቅ ሴት ነው። "ይቺን አበድረኝ"፣ "ምን አላት"፣ "ደሞዝ ስትገባ እመልሳታለሁ"። መመለሻው ሲደርስ ግን ወንድ ይሆናል። "ያን ሁሉ ብር አሁን ከየት ላምጣው?" ያው ብር ነው። አንድም ሳንቲም አልተጨመረበትም። ከእኔ ኪስ ወደ እሱ ኪስ ሲሻገር ብቻ ጢም አበቀለ።

ሴቶች እንዳትቆጡኝ። እኔ አይደለሁም፤ ሰዋስው ነው። አማርኛ ትንሽ ነገርን በሴት ያቆላምጣል። ይቺ ቤት፣ ይቺ ድመት፣ ይቺ ቡና። ማቆላመጥ ክፋት የለውም። ግን የእኔን ብር የሚያቆላምጥልኝ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ነገሩ እንዲህ የከነከነኝ ዘንድሮ በጀት ስለጀመርኩ ነው። መስከረም ላይ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ለራሴ ቃል ገባሁ። 27 ዓመት ሞልቶኝ እማዬ ቤት "ዛሬ ምን ተሠራ?" እያልኩ ድስት አልከፍትም አልኩ። ሰማያዊ ልባስ ያለው ባለ 96 ገጽ ደብተር ገዛሁ። በማስመሪያ አሰመርኩ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ።

እማዬ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አገኘችው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"በጀት ነው።"

"የማን?"

"የእኔ።"

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። "መንግሥት ሆንክ?"

እንዲህ ያለ ማበረታቻ ይዤ ነው ቤት ፍለጋ የወጣሁት። ደላላው አራት ኪሎ ተቀበለኝ። መንገድ ለመንገድ እየወሰደኝ ሲያወራ ሰዋስዉን አዳመጥኩ። "ቤቷ አሪፍ ናት፤ ትንሽ ናት እንጂ ፀሐይ ታገኛለች።" ቤቷ ሴት ናት። ደረስን። አንድ አልጋና አንድ ሰው ይይዛል፤ ሰውየው ግን አልጋው ላይ ካልወጣ በሩ አይዘጋም። "ኪራዩስ?" አልኩት። "ኪራዩ ወንድም ዓለም፣ 12,000 ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ።" ኪራዩ ወንድ ነው። ይኼን ጠብቄ ነበር።

እኔም ያነበብኩትን አወጣሁ። "የቤት ኪራይ አዋጁ እኮ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል አይቻልም ይላል" አልኩት። ደላላው አልተቆጣም። በሐዘኔታ ነው ያየኝ። "እንግዲያው አዋጁ ውስጥ ግባና ኑር" አለኝ።

እናም እስካሁን እማዬ ቤት ነኝ። ድስት እከፍታለሁ።

ከትልቁ ከተሸነፍኩ በትንሹ ልጀምር ብዬ ታክሲ ላይ ዘመትኩ። በየቀኑ አምስት አምስት ብር መልስ እየቀረብኝ በወር ስንት እንደሚሆን ደብተሬ ላይ አባዝቼ አይቼዋለሁ። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ስንሄድ ረዳቱን፣ "መልስ ስጠኝ" አልኩት። መልስ ሰጠኝ። "ዝርዝር የለኝም" የሚል መልስ። የአማርኛ ጉድ ይሄ ነው። የብሩም መልስ ነው፣ የአፉም መልስ ነው፤ ረዳቶች ሁልጊዜ የሚመርጡት ርካሹን ነው። ሁለተኛ ስጠይቅ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ ለዚች አምስት ብር ብለህ ነው?" አሉኝ። ለዚች! የእኔ አምስት ብር ሲሆን፣ በማያውቁኝ ሰው አፍ ሳይቀር ሴት ሆነ። ረዳቱ 20 ብር ጎድሎበት ቢሆን ኖሮ መኪናው ከለገሃር ባልተንቀሳቀሰ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ተረት ነው፤ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይም በትልቁ ጽፌዋለሁ። ተመልከቱ፤ እንቁላል እንኳ ወንድ ነው። "በእግሩ" ነው የሚለው። እግር ሳያወጣ፣ ገና በቅርፊቱ እያለ፣ ሊሄድ ነው ተብሎ ተከበረ። ይህን ያህል ክብር ለአምስት ብሬ ማን ሰጠው? ችግሩ፣ ተረቱን የተረተው ሰው የዘንድሮን የእንቁላል ዋጋ አላየም። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ የሚጠብቀው የለም፤ ዋጋው ቀድሞት በክንፉ ሄዷል። ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል ፍርፍር ማዘዝ ስጀምር አስተናጋጇ፣ "ሁለት?" ብላ ደግማ ትጠይቀኛለች። እንደ ማጣራት ነው።

በዚያ ሰሞን ዩቲዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ አገኘሁ። ገቢህን ለሦስት ክፈለው ይላል። 50 በመቶ ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶ ለፍላጎት፣ 20 በመቶ ለቁጠባ። ደጋግሜ አየሁት። ሰውየው ለቅሶ አይሄድም እንዴ? አራስ አይጠይቅም? የሚዳር የአጎት ልጅ የለውም? ደግሞ ዓመቱን ለ12 ነው የሚያካፍለው። የእኛ ወር 13 ነው፤ ደሞዙ 12። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን፣ ሰው ያለ ደሞዝ ይኖራል፤ ያውም የበዓል ዶሮና ቅቤ በሚገዛበት ሳምንት። "የ13 ወር ጸጋ" የሚለው መፈክር ለቱሪስት የተጻፈ ነው። ቱሪስት ጳጉሜን ላይ ዶሮ አይገዛም።

ቁጠባ ሲባል አንድ ነገር ልመስክር። ደሞዜ እጄ ሳይገባ 7 በመቶው ለጡረታ ይቆረጣል፤ ቀጣሪዬ 11 በመቶ ይጨምርበታል። 60 ዓመት ሲሞላኝ እንገናኛለን ማለት ነው። ነገር ግን ጨዋነቱን እዩ። መንግሥት ጎኔን በክርን ነክቶ "ይቺን 7 በመቶ" አላለኝም። ቆረጠ፣ አለቀ።

ፈረንጁ ያላወቀውን አራተኛ ዓምድ እኔ ደብተሬ ላይ ጨመርኩት። "ሰው" ይላል። ከሁሉም ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው።

ይህን ዓምድ የምትሞላው አንዲት ወረቀት ናት። መሥሪያ ቤት የሠራ ያውቃታል። አንዷ ባልደረባችን በቡናማ ፖስታ ይዛት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ትዞራለች። አናቷ ላይ "ለእገሌ የሐዘን መግለጫ" ወይም "ለእገሊት የአራስ ጥየቃ" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ስም፣ መጠን፣ ፊርማ። ተንኮሉ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ወረቀቷ መጀመሪያ የምትሄደው አለቃ ጋ ነው። አለቃ 500 ይጽፋሉ። ቀጥሎ ምክትላቸው 500 ይጽፋሉ፤ ከአለቃ መብለጥ ነውር፣ ማነስ ደግሞ ጉዳት ነው። እኔ ጋ ስትደርስ ከላይ እስከ ታች 500 ተደርድሯል። እስክሪብቶዬን አንስቼ "200" ብዬ ለመጻፍ 2 ቁጥርን ጀመርኩ። ባልደረባዬ ፖስታውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ባላየ መሆኗ ነው። 2ቷን በብልሃት ወደ 5 ለወጥኳት። አሁን ድረስ ወረቀቷ ላይ የእኔ 5 ከሁሉም ወፍራም ናት። የተሰበሰበለት ሰው ማን እንደሆነ ያወቅኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚሠራ፣ አሳንሰር ውስጥ ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ሰው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር አንድ የቆየ ቂም አለብኝ።

ጳጉሜን 2012 ነው። የሰው ልጆች እያስጠናሁ 2,000 ብር አጠራቅሜ ነበር። አንድ የሰፈር ልጅ መጣ። "ለዓመት በዓል ይቺን 2,000 ብር" አለኝ። ሃያ ባለ መቶ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። መስከረም 4 ቀን 2013 መንግሥት የብር ኖት መቀየሩን አወጀ። ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ተቀየሩ፤ ባለ 200 አዲስ መጣ። ሰው ሁሉ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ። እኔ የምቀይረው አልነበረኝም፤ ብሬ ሰው ጋ ነው። የመቀየሪያው ሦስት ወር አለፈና ልጁን ጠየቅኩት። ጓደኞቹ መሀል ቆሞ፣ "የሰጠኸኝ እኮ የድሮውን ብር ነው። እሱ ተሽሯል!" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። መሳቄን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ያኔ ዶላር በባንክ 36 ብር ግድም ነበር። የእኔ 2,000 ብር ከ50 ዶላር በላይ ነበር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 አለፈ። አሁን ልጁ አንድም ሳያጎድል 2,000 ብሬን ቢያመጣልኝ የሚሰጠኝ 15 ዶላር አይሞላም። ለካ "ይቺን" ሲለኝ ትንቢት እየተናገረ ነበር። ብሬ እጁ ላይ እያለ በእርግጥም "ይቺ" ሆነች። እሱ አሁን መኪና ይነዳል። አራት ኪሎ ላይ በእግሬ ስሄድ ሲያየኝ ጥሩንባ ይነፋና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ጠፋህ እኮ!" ይለኛል። እኔ ነኝ የጠፋሁት?

የሚያበግነኝ ይሄ ነው። የጠየቀ አያፍርም። የሰጠ ሰው የራሱን ሲጠይቅ ግን ጉሮሮው ይደርቃል፤ "እንዴት ነው፣ ሁሉ ሰላም?" ብሎ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ድሮ ሰው "ኪሴ ባዶ ነው" ብሎ ያመልጥ ነበር። ከ2013 ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ኪስ የሚባል ነገር ቀረ። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ብር እንደያዘ ይቆጠራል።

እማዬን እዩ እስቲ። በዕድሜዋ በጀት ጽፋ አታውቅም። ዕቁብ ግን አላት፤ አንድ የሰፈር፣ አንድ የድሮ መሥሪያ ቤቷ። ባለፈው ጎረቤታችን መጡና፣ "እትዬ፣ ይቺን 2,000 ብር" አሏት። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። "ውይ የኔ እናት፣ ዕቁብ አለብኝ" አለች። "አይ፣ ዕቁብማ!" አሉ ሴትየዋ፣ ይቅርታ ጠየቁ ማለት ይቻላል፣ ቡናቸውን ጨርሰው ሄዱ። ኩርፊያ የለም። ሐሜት የለም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እኔ መሥሪያ ቤት "በዚህ ወር በጀቴ አይፈቅድም" ስል እንዴት እንደሚሳቅብኝ ልንገራችሁ? አልነግራችሁም። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን የሚያነሳው ዋስ ጠርቶ ነው። ከጀርባው ሃያ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የእኔ ደብተር ማን አለው? 96 ገጽ። ብቻውን የሚቆጥብ ቋጣሪ ነው፤ ከሃያ ሰው ጋር የሚቆጥብ ጨዋ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚሉት መቼም ስለ ሎሚ አልነበረም።

ስለ ሐሙሱ ነበር የማወራው ለካ።

ከእማዬ የተማርኩትን ሞከርኩት። ማኪያቶዬን አስቀመጥኩ፣ ፊቴን እንደ እሷ አሳዘንኩ። "ውይ ወንድሜ፣ ዕቁብ አለብኝ" አልኩት። ውሸቴን ነው። ጓደኛዬ አንገቱን ነቀነቀ፣ "አይ፣ ዕቁብማ" አለ። በቃ፣ ሆነልኝ አልኩ። የሁለታችንንም ሒሳብ በደስታ ከፈልኩ።

ይህን እየጻፍኩ መልእክት ገባ። እሱ ነው። "ዕቁቧን አስገባኝ እንጂ። የመጀመሪያዋ ዕጣ ግን ለእኔ ትሁን። እስከዚያ ይቺን 1,000 ብር በቴሌብር ልቀቅልኝ።"

ሐሙስ 1,500 ነበር የጠየቀኝ። ላክሁለት። ደብተሬ ላይ "ትርፍ 500 ብር" ብዬ መዘገብኩ።