ምስጢር የማያስቸግረው ቢሮ ይባረክ

እንግሊዞች ያሳዝኑኛል። አሊሰን ሃልፎርድ የተባለች የመርሲሳይድ ፖሊስ ከፍተኛ መኮንን ሴት በመሆኔ ዕድገት ተነፈግሁ ብላ ብትከስ የቢሮ ስልኳን ጠለፉባት። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ የጠለፋ ሕግ የሚያውቀው የሕዝቡን መስመር እንጂ የፖሊስን የውስጥ መስመር ስላልነበረ አገሯ ውስጥ ሰሚ አጣች። ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ በ1997 ተፈረደላት፤ 10,000 ፓውንድም ተካሰች። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ የመሥሪያ ቤቶችን የውስጥ መስመር፣ ኢሜይሉን ጨምሮ፣ አካተተ። አለቃ የበታቹን መልእክት መቼ ይመልከት ለሚል ጥያቄ ይህ ሁሉ መንከራተት!

ደሴ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከአቦል እስከ በረካ ባለቀ ነበር። ማሻአላህ፣ የእኛ ቢሮ ጠላፊ አያስፈልገውም። ፓስዎርዱ ኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ ተለጥፏል፤ ባለቤቱ መስክ ቢወጣ ጸሐፊዋ ትከፍተዋለች፣ እሷ ብትቀር ለልምምድ የመጣው ተማሪ፣ እሱም ከሌለ ጥበቃው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤ፣ ስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ በር ቢተውም፣ መርማሪው እንኳ የሰው መልእክት ልከታተል ሲል የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዝ ያስገድዳል። እኛ ዳኞች ሥራ እንደሚበዛባቸው ስለምናውቅ አናስቸግራቸውም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን «ጥብቅ ምስጢር» የሚለውን ማኅተማችንን ነው። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ደረጃውን ሳይወርድ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነው፤ አንሺው ማኅተሙ ጎላ ብሎ እንዲታይ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል፤ ሙያ ነው! ወደ መርሳ መዛወሩን ጅዳ ካለች እህቱ የሰማ ሠራተኛ አውቃለሁ። «አብሽር ወንድምዓለም፣ መርሳ ፍራፍሬ ሞልቷል» ብላ ያጽናናችውም እሷው ናት። ደብዳቤው እጁ የገባው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ፖስታው ግን፣ ይመስገነው፣ በጥንቃቄ ታሽጎ ነበር።

አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ብቻ ይህን በረከት ገፋች። ፓስዎርዷን ቀይራ ለማንም አልሰጥም አለች። በግምገማ ላይ «ባልደረቦቿን አታምንም፤ ምን ብትደብቅ ነው?» ተብላ ነጥቧ ተቀነሰ። ቃለ ጉባኤው ገና አልተፈረመም፤ እኔ ግን ሦስት የቴሌግራም ቡድን ላይ አንብቤዋለሁ።