ከባውሃውስ በፊት አትክልተኞች ነበሩ

ስለ ዘመናዊ ኪነ ሕንፃ አጀማመር የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ታሪኩን በ1919 ጀርመን ከተከፈተው የንድፍ ትምህርት ቤት ከባውሃውስ መጀመሩ ግን አልተዋጠልኝም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። መሥራቹ ዋልተር ግሮፒየስ ራሱ ከአዶልፍ ማየር ጋር ባለ መስታወት ማዕዘኑን የፋጉስ ፋብሪካ መንደፍ የጀመረው በ1911 አይደል እንዴ?

እኔ ብሆን ከአትክልተኞች እጀምር ነበር። ጆሴፍ ፓክስተን አትክልተኛ ነው። ለተክል ማሳደጊያ የሠራውን የመስታወት ቤት ዘዴ አሳድጎ በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ ከ560 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ ክሪስታል ፓላስን አቆመ። ብረቱም መስታወቱም ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ልክ ተመርቶ እዚያው የሚገጣጠም ስለነበር ግንባታው አንድ ዓመት እንኳ አልፈጀም። (የእኛ ሰፈር ፎቅ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አሁንም እንጨት ተደግፎ ቆሟል።) ክሪስታል ፓላስ በኋላ ደግሞ ተፈታትቶ ሌላ ሰፈር ተተከለ!

ሌላው አትክልተኛ ፈረንሳዊው ዦሴፍ ሞኒየ ነው። የአበባ ገንዳው እንዲጠነክርለት ሲሚንቶው ውስጥ ብረት ከትቶ በ1867 ፓተንት አወጣበት። ዛሬ አርማታ የምንለው የዚያ ገንዳ ዘመድ ነው።

ጽሑፉ ላይ የአሜሪካዋ ቺካጎ ጭራሽ አልተነሳችም። በ1885 የተጠናቀቀው ባለ 10 ፎቅ የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ ክብደቱን በአብዛኛው ለብረት አጽም ነበር የሰጠው። ለነገሩ አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኦቲስ ሊፍቱን አስተማማኝ ባያደርገው ኖሮ ማን 10 ፎቅ በእግሩ ይወጣ ነበር?