እርማት፦ ሲስተማቲክ ሪቪው የእጅ ማውጣት ድምፅ አይደለም

ወንድሜ፣ «ከሰባት ጥናቶች አብዛኞቹ ልዩነት አላገኘንም ካሉ መድኃኒቱ አይሠራም፤ ሲስተማቲክ ሪቪውም ይህንኑ ቆጥሮ ለብዙኃኑ መፍረድ ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምንበታል። ግን ስህተት ነው። ሲስተማቲክ ሪቪው ማለት በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዓት ፈልጎና መዝኖ በአንድነት ማጠቃለል ነው።

እንዲህ ያሉ ሪቪዎችን የሚያዘጋጀውን የኮክሬን ድርጅት አርማ ልብ ብለህ አይተኸው ታውቃለህ? መሀሉ ላይ «ልዩነት የለም» ማለት የሆነ አንድ ቁም መስመር አለ፤ በሱ ዙሪያ ሰባት አጫጭርና ረጃጅም አግዳሚ መስመሮች ተጋድመዋል። እያንዳንዱ አግዳሚ አንድ ጥናት ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት ርካሹን የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ መስጠት ጨቅላውን ያተርፋል ወይ? የመጀመሪያው ውጤት በ1972 እ.ኤ.አ. ከኒውዚላንድ ወጣ።

አብዛኞቹ አግዳሚዎች ቁሙን መስመር ይነካሉ። ይህ ማለት ጥናቱ ለብቻው «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ እንጂ «አይሠራም» አላለም! የተሳተፉት እናቶች ጥቂት ሲሆኑ መስመሩ ይረዝማል፤ እርግጠኝነቱ ይቀንሳል። እንደየክብደታቸው ሲደመሩ ግን ድምሩን የምታሳየው ከታች ያለችው ትንሿ የአልማዝ ቅርጽ ከቁሙ ለቅቃ፣ «መርፌው ይጠቅማል» በሚለው በግራ በኩል ቁጭ አለች። መርፌው ሕይወት ያተርፋል ማለት ነው።

እንዳንተ ብንቆጥር መርፌው ተሸንፎ ይቀር ነበር። (ድምሩ በ1989 እ.ኤ.አ. እስኪታተም ድረስ ይህን ያህል እንደሚጠቅም አብዛኞቹ የወሊድ ሐኪሞች አላወቁም ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት!)

«ሪቪው ሁሉ አይታመንም» ያልከው ላይ ግን ግማሽ እውነት አለህ። ጥሩ ውጤት ያላገኘ ጥናት ሳይታተም መሳቢያ ውስጥ ከቀረ፣ ድምሩም ይዛባል።